የማይጠጡ ሰዎች ለምን ይበልጥ ከሥራ ይቀራሉ? ስለ መጠጥ፣ ስለ ሕመም ፈቃድና ስለ አንድ ግራ የሚያጋባ ቁጥር

«ምንም የማይጠጡ ሠራተኞች በልኩ ከሚጠጡት ይበልጥ በሕመም ከሥራ ይቀራሉ።» እንዲህ ያለ ዜና በየጊዜው ብቅ ይላል። ብዙ ጊዜ ግሩፕ ላይ የሚለጠፈው አርብ ከሰዓት በኋላ ነው። ከሥሩም «ይኸው፣ ሳይንስ ራሱ ጠጡ አለን» የሚል ሰው አይጠፋም።

የሚገርመው ቁጥሩ ውሸት አይደለም። ጥናቶቹ አሉ፣ የተቆጠረው ሰው ብዙ ነው፣ ስሌቱንም የሠሩት ሥራቸውን የሚያውቁ ሰዎች ናቸው። ችግሩ የሚመጣው ቁጥሩን ይዘን ግሮሰሪ ስንገባ ነው። እስቲ ቀስ ብለን እንየው።

ስለ የትኛው መቅረት ነው የምናወራው?

ሠራተኛው አመመኝ ብሎ ስለቀረባቸው ቀኖች ነው። የዓመት ፈቃድ፣ ወሊድ፣ ለቅሶ እዚህ ውስጥ አይቆጠሩም። መቅረቱ ደግሞ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ አጭሩ ነው፤ አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ ብዙ አገር ላይ ያለ ሐኪም ወረቀት የሚያልፍ። ሌላው ረጅሙ ነው፤ ሳምንታት ወይም ወራት የሚወስድ፣ ሐኪም የፈረመበትና መዝገብ ላይ የሰፈረ። መጠጥ ሁለቱንም ያመጣል፤ መንገዱ ግን ለየቅል ነው።

መጠጥ ሰውን ከሥራ የሚያስቀረው እንዴት ነው?

አጭሩን ሁላችንም እናውቀዋለን፦ ሃንጎቨር። ጉበት አልኮልን የሚያቃጥለው በራሱ ፍጥነት ነው፤ በሰዓት በግምት ከ7 እስከ 10 ግራም። 330 ሚሊ ሊትር የሚይዝና ጥንካሬው 5 በመቶ የሆነ አንድ ጠርሙስ ቢራ ውስጥ 13 ግራም ያህል ንጹሕ አልኮል አለ። አሁን ሒሳቡን ሥሩት። እሑድ ከምሽቱ 1 ሰዓት ጀምሮ ስድስት ቢራ የጠጣ ሰው 78 ግራም አልኮል ወስዷል። ይሄ ከደሙ ተጠርጎ የሚያልቀው ሰኞ ከሌሊቱ 9 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። ሃንጎቨር ደግሞ የሚብሰው አልኮሉ ከደም ውስጥ ወጥቶ በሚያልቅበት ሰዓት አካባቢ ነው። ማለትም ልክ አላርሙ ሲጮህ። ቡና፣ ቀዝቃዛ ሻወር፣ ዱለት፣ ምንም ብትሉት ጉበትን አያፈጥነውም። (ዱለቱን አትብሉ አላልኩም።)

እንቅልፉም አለ። መጠጥ ቶሎ ያስተኛል፤ በሌሊቱ ሁለተኛ አጋማሽ ግን እንቅልፉን ይቆራርጠዋል። ስምንት ሰዓት ሙሉ ተኝቶም ደክሞት የሚነሳው ለዚህ ነው።

ረጅሙ መቅረት ግን እንዲህ ግልጽ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት አልኮል ከ200 በላይ ከሚሆኑ በሽታዎችና የአካል ጉዳቶች ጋር እንደሚያያዝ ይናገራል። ጉበት፣ ቆሽት፣ ደም ግፊት፣ የልብ ምት መዛባት፣ ካንሰር፣ ድብርት፣ መውደቅ፣ የመኪና አደጋ። ሐኪሙ ወረቀቱ ላይ ምን ብሎ ይጽፋል? «ጨጓራ» ብሎ። ወይ «የወገብ ሕመም»፣ ወይ «ድብርት»፣ ወይ «የእጅ ስብራት»። «ቢራ» ተብሎ የሚጻፍ የሕመም ፈቃድ የለም። ስለዚህ መዝገቡን ከፍታችሁ በመጠጥ ምክንያት የቀረ ሰው ስንት ነው ብትሉ የምታገኙት ቁጥር እጅግ ትንሽ ነው። እውነተኛውን ለማወቅ ሰዎቹን ስለ መጠጣቸው መጠየቅ፣ ከዚያ የቀሩበትን ቀን ከመዝገብ ማውጣት፣ ሁለቱን ማገናኘት ያስፈልጋል። ይህን በደንብ የሚችሉት ጥቂት አገሮች ናቸው። ፊንላንድ፣ ስዊድንና ኖርዌይ ከፊት የሚሰለፉት እዚያ ሰው ስለሚጠጣ ብቻ አይደለም፤ ሁሉንም ነገር ስለሚመዘግቡ ነው።

ታዲያ ምን ተገኘ?

እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ አንድ ትልቅ ጥናት የፊንላንድ፣ የፈረንሳይና የብሪታንያ ሠራተኞችን አንድ ላይ አድርጎ ተከታተለ። 47 ሺህ ገደማ ሰዎች ናቸው። በሳምንት ምን ያህል እንደሚጠጡ ተጠየቁ። ከዚያ ለዓመታት ከሥራ የቀሩት በምን በምን ሕመም እንደሆነ ታየ።

ምንም አንጠጣም ያሉት፣ ወንዶቹም ሴቶቹም፣ በመጠኑ ከሚጠጡት ይልቅ በአእምሮ ሕመም፣ በጡንቻና በአጥንት ሕመም፣ በምግብ መፍጫና በመተንፈሻ አካላት ሕመም ይበልጥ ቀርተው ተገኙ። ብዙ የሚጠጡት ደግሞ በአደጋና በመመረዝ የመቅረት ዕድላቸው ከፍ ብሎ ታየ። በሌሎች ጥናቶችም ነገሩን በግራፍ ሲያስቀምጡት መስመሩ ብዙ ጊዜ በሁለቱም ጫፍ ከፍ፣ መሀል ላይ ዝቅ ይላል።

እዚህ ላይ ቆም በሉና ዝርዝሩን ድጋሚ አንብቡት። የማይጠጡት የቀሩባቸው ሕመሞች የወገብ ሕመም፣ የመንፈስ ጭንቀት፣ የሳንባ ችግር ናቸው። አንድ ብርጭቆ ወይን የወገብ ሕመምን በምን መንገድ ነው የሚከላከለው? ለመጠርጠር ይሄ ራሱ በቂ ነው።

ዘዴው የት ላይ ነው?

ታላቁ ሩጫን አስቡ። ጠዋት ሺዎች ይነሳሉ። መሀል ላይ ቁርጭምጭሚቱ የዞረበት፣ ጉልበቱ የታመመ ሰው ከመንገዱ ይወጣና ዳር ካሉት ተመልካቾች ጋር ይቆማል። አሁን አንድ ሰው ወረቀት ይዞ መጥቶ የሚያነክሱትን ይቁጠር። የሚሮጡት ጋር የሚያነክስ ጥቂት ነው፤ ዳር የቆሙት ጋር ብዙ ነው። «ሩጫ ከማንከስ ያድናል፣ ተመልካችነት ግን እግር ይሰብራል» ብሎ ቢጽፍ ቁጥሩ ልክ ነው፣ ድምዳሜው ግን ሌላ ጣጣ ነው።

በመጠጥም የሆነው ይሄ ነው። «አልጠጣም» ከሚሉት ውስጥ ድሮ በጣም ይጠጣ የነበረና ጉበቱ ሲጎዳ ያቆመ አለ። ለስኳር፣ ለድብርት ወይም ለሌላ በሽታ መድኃኒት ስለጀመረ ሐኪም የከለከለው አለ። ከልጅነቱ ጀምሮ ጤና ስላልነበረው ጨርሶ ያልጀመረም አለ። ሕመሙ ቀድሞ መጣ፣ አለመጠጣቱ ተከተለ። እኛ ግን ገልብጠን እናነበዋለን።

ይህን ነገር ጎላ አድርገው ካነሱት አንዱ ብሪታንያዊው ሐኪም ጄራልድ ሼፐር ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1988 ከባልደረቦቻቸው ጋር ከ7,700 በላይ በመካከለኛ ዕድሜ ያሉ የብሪታንያ ወንዶችን መረጃ ይዘው ባወጡት ጽሑፍ፣ ሰዎች መታመም ሲጀምሩ መጠጥ እየቀነሱና እየተዉ ወደ «አይጠጡም» ረድፍ እንደሚዘዋወሩ አሳዩ። የእሳቸው ጥናት ስለ ሞት እንጂ ስለ ሥራ አልነበረም፤ ዘዴው ግን ያው ነው። ከዚያ ወዲህ ጠንቃቃ ተመራማሪዎች «ያቆመ»ን እና «በሕይወቱ ቀምሶ የማያውቅ»ን ለይተው ይቆጥራሉ። ሲለዩት ልዩነቱ ብዙ ጊዜ ይጠባል።

ገንዘብም አለበት። አውሮፓ ውስጥ ጨርሶ የማይጠጡ ሰዎች በአማካይ ገቢያቸው ዝቅ ያለና ሥራቸው ጉልበት የሚጠይቅ ሆኖ ይገኛል። በሳምንት ሁለት ቀን ከእራት ጋር ወይን የሚቀምሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ ወንበር ላይ የሚሠራ፣ ደህና ደሞዝ የሚያገኝ ሰው ነው። ታዲያ ወገቡ የማይታመመው በወይኑ ነው ወይስ በወንበሩ?

ከቻይናም አንድ መረጃ ልጨምር። በምሥራቅ እስያ ብዙ ሰዎች አልኮልን በደንብ እንዳያቃጥሉ የሚያደርግ፣ ከወላጅ የሚወረስ ጂን አላቸው፤ ትንሽ ሲቀምሱ ፊታቸው ይቀላል፣ ልባቸው ይመታል፣ ስለዚህ አይጠጡም። እነዚህ ሰዎች የማይጠጡት ስለታመሙ አይደለም፣ እንዲያ ሆነው ስለተወለዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ፣ ግማሽ ሚሊዮን ያህል ሰዎችን የያዘ ጥናት በዚህ መንገድ ሲያየው በልኩ መጠጣት ከስትሮክ ይከላከላል የሚለው ነገር ጠፋ። እንዲያውም መጠጡ በጨመረ ቁጥር ስትሮኩም ጨመረ። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በጥር 2023 ጤናን አይጎዳም የሚባል የመጠጥ መጠን የለም ብሎ መግለጫ አውጥቷል።

ይህ ግራፍ ለእኛ ይሠራል?

በእኔ እምነት ብዙም አይሠራም። ሄልሲንኪ ውስጥ የ45 ዓመት ሰው አልጠጣም ሲል የሥራ ባልደረቦቹ «ምን ሆኖ ነው?» ይላሉ። አዲስ አበባ ወይም ጅማ ወይም ደሴ ላይ አልጠጣም ያለ ሰው ሙስሊም ሊሆን ይችላል፣ ጴንጤ ሊሆን ይችላል፣ ጾም የያዘ ወይም ለንስሐ አባቱ ቃል የገባ ኦርቶዶክስ ሊሆን ይችላል፣ ወይ ደግሞ ልጆቹን የሚያስተምርበትን ብር ቢራ ላይ ማውጣት ያልፈለገ ሰው ነው። ለዚህ ሁሉ መታመም አያስፈልግም። ስለዚህ እኛ አገር ያለ «የማይጠጣ» ሰው ፊንላንድ ካለው «የማይጠጣ» ሰው ጋር በአንድ ስም ይጠራ እንጂ አንድ ዓይነት ሰው አይደለም። ከሰሜን አውሮፓ የመጣን ግራፍ እንዳለ አንስቶ እዚህ መስቀል ስህተት የሚሆነው በዚህ ነው።

ወንድና ሴት ላይ ለምን ይለያያል?

መጀመሪያ ሰውነቱን እንይ። ሴት በአማካይ ክብደቷ አነስ ይላል፣ በሰውነቷ ውስጥ ያለው የውኃ ድርሻም ያንሳል። አልኮል ደግሞ የሚበተነው በውኃ ውስጥ ነው። አንድ ወንድና አንዲት ሴት እኩል ቢጠጡ በሴቷ ደም ውስጥ ያለው መጠን ከፍ ይላል። የጉበት ጉዳትም ሴት ላይ ባነሰ መጠንና ባጠረ ጊዜ ይመጣል።

ይህን ከሰማችሁ በኋላ በመጠጥ ምክንያት ከሥራ መቅረት ሴቶች ላይ ጎልቶ መታየት አለበት ትላላችሁ። የአገር ቁጥር ግን ተቃራኒውን ይላል። የስዊድንን መረጃ እ.ኤ.አ. ከ1935 እስከ 2002 ድረስ ያየ ጥናት በአገሪቱ የነፍስ ወከፍ መጠጥ በአንድ ሊትር ንጹሕ አልኮል ሲጨምር የወንዶች በሕመም መቅረት 13 በመቶ ከፍ እንደሚል አገኘ። አንድ ሊትር ንጹሕ አልኮል 60 ጠርሙስ ቢራ ገደማ ነው፤ በዓመት ሲካፈል በሳምንት አንድ ጠርሙስ ከምናምን ማለት ነው። ኖርዌይ ላይ የተሠራ ተመሳሳይ ጥናትም ለወንዶች ያው 13 በመቶ አወጣ። ሴቶች ላይ ግን በሁለቱም አገር እርግጠኛ ሊባል የሚችል ግንኙነት አልታየም።

ሴቶች አይጎዱም ማለት ነው? አይደለም። አንደኛ፣ ከአገሪቱ መጠጥ አብዛኛውን የሚጠጡት ወንዶች ናቸው፤ ጠቅላላው ሲጨምር የጨመረው በዋናነት የእነሱ ነው። ሁለተኛ፣ በሰሜን አውሮፓ ሴቶች መጠጥ ኖረም አልኖረም ከወንዶች ይበልጥ በሕመም ይቀራሉ። በእርግዝና ጊዜ የሚመጣ ሕመም አለ። በሽተኛና አዛውንት እያነሱ በሚውሉበት የእንክብካቤ ሥራ ላይ የሚበዙት እነሱ ናቸው፤ ቤት ሲገቡም ሁለተኛ ሥራ ይጠብቃቸዋል። በዚህ ሁሉ መሀል የመጠጥ ድርሻ ነጥሮ አይወጣም።

ሦስተኛው ምክንያት ብዙ ጊዜ ይዘለላል። ሴት በሌላ ሰው መጠጥ ከሥራ ትቀራለች። ባል ሰክሮ ሲገባ ሌሊቱን ያልተኛችው እሷ ናት። የተመታችው፣ ልጆቹን ይዛ እህቷ ቤት ያደረችው፣ በማግስቱ ፊቷ አብጦ ቢሮ መግባት ያፈረችው እሷ ናት። ደውላ «ራሴን አሞኛል» ትላለች። ጥናቱ «በሳምንት ምን ያህል ትጠጫለሽ?» ሲላት «ምንም» ብላ ትመልሳለች፤ ልክም ናት። እና የማይጠጡት ረድፍ ውስጥ ሌላ አንድ የቀረችበት ቀን ይመዘገባል።

«እኔ እንኳ ያን ያህል አልጠጣም»

ብዙ የሰው ኃይል ክፍል (ኤች አር) መጠጥ ሲባል የሚታየው አንድ የታወቀ ጠጪ ነው። እሱን ብናስተካክል ችግሩ ያልቃል ይላሉ። የአውስትራሊያ መረጃ ሌላ ነገር ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣ ጥናት በመጠጥ ምክንያት የጠፉትን የሥራ ቀኖች ሲያካፍል፣ እንደ አሠራሩ ከ49 እስከ 66 በመቶ የሚሆነውን ያመጡት በልኩ የሚጠጡትና አልፎ አልፎ ብቻ ከመጠን የሚያልፉት ሆነው ተገኙ። እያንዳንዱ ከባድ ጠጪ ለብቻው ሲታይ ይበልጥ ይቀራል፤ ግን ቁጥሩ ጥቂት ነው። በዓመት አንዴ ሠርግ ላይ፣ አንዴ የቡድናቸው ዋንጫ ቀን የሚሰክሩት እጅግ ብዙ ስለሆኑ ድምራቸው ይበልጣል።

ሃንጎቨሩን ይዞ ሥራ የሚገባውም አለ፣ እሱን ማንም አይመዘግበውም። ኮምፒዩተር ፊት ከሆነ ሦስት ኢሜይል ጽፎ ቀኑ ይመሻል። ግንባታ ላይ ወይም ማሽን ላይ ወይም የመኪና መሪ ላይ ከሆነ ግን ቀርቶ በሆነ ያስብላል።

የፈቃዱ ሕግ ነገሩን ይቀይረዋል?

በጣም። ኖርዌይ ውስጥ ሠራተኛ ከታመመበት ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሙሉ ክፍያ ያገኛል። ስዊድን ግን እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ የመጀመሪያው የሕመም ቀን አይከፈልም ነበር፤ በ2019 ይሄ ወደ ደሞዝ ቅናሽ ተቀየረ። ስቶክሆልም ያላችሁ «ካሬንሳቭድራግ» የምትለዋን መስመር ከደሞዝ ወረቀታችሁ ላይ ታውቋታላችሁ። የመጀመሪያው ቀን ኪስ የሚነካ ከሆነ ሰው ራሱን ይዞም ቢሆን ይሄዳል፤ መዝገቡ ላይ መቅረት ይቀንሳል፣ ሃንጎቨሩ ግን ቢሮ ተቀምጧል። ለዚህ ነው የሁለት አገርን ቁጥር ዝም ብሎ ጎን ለጎን ማስቀመጥ የሚያሳስተው።

ኢትዮጵያ ውስጥ በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ በ12 ወር ውስጥ እስከ 6 ወር የሚደርስ የሕመም ፈቃድ አለው። የመጀመሪያው ወር ሙሉ ደሞዝ፣ ቀጣዮቹ 2 ወራት ግማሽ፣ የመጨረሻዎቹ 3 ወራት ያለ ክፍያ። ግን መንግሥት ከሚያውቀው የጤና ተቋም የሐኪም ወረቀት ማምጣት አለበት። ሃንጎቨር ይዞ ለካርድ መሰለፍ ደግሞ አይታሰብም። ስለዚህ ሰዉ ሌላ መንገድ ይፈልጋል። የዓመት ፈቃድ ይቆርጣል፣ ቀበሌ ጉዳይ አለኝ ይላል፣ ወይ አጎቱን ለሦስተኛ ጊዜ ይቀብራል። በቀን ሒሳብ የሚሠራው የጉልበት ሠራተኛማ ከቀረ የቀኑ ብር ይቀርበታል፣ የሚመዘግበውም የለም። መጠጥ እዚህ የሚያስቀረው ሰው በሕመም ፈቃድ መዝገብ የማይታየው በዚህ ሁሉ ምክንያት ነው።

ያው አዋጅ ሰክሮ ሥራ ላይ መገኘትን ይከለክላል። በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እየተሰጠው በ6 ወር ውስጥ በድምሩ 5 ቀን ያለ በቂ ምክንያት የቀረን ሠራተኛም አሠሪው የመልቀቂያ ጊዜ ሳይሰጠው ወዲያው ማሰናበት ይችላል። «ሰኞ ሰኞ ትንሽ ያመኛል» የሚል ጓደኛ ካላችሁ ይህችን ንገሩት።

መጠጡ ከሥራ እያስቀረኝ ከሆነስ?

የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው ኦዲት የሚባል የ10 ጥያቄዎች መመዘኛ አለ። በምን ያህል ጊዜ ትጠጣለህ፣ በአንድ ጊዜ ስንት፣ በመጠጥ ምክንያት ማድረግ የነበረብህን ሳታደርግ ቀርተህ ታውቃለህ፣ እያለ ይጠይቃል። ነጥቡ ከ40 ይያዛል፤ 8 እና ከዚያ በላይ ያገኘ ሰው ሐኪም ቢያናግር ይሻለዋል። ቁጭ ብሎ ለመሙላት ደቂቃዎች ይበቃሉ።

አንድ ነገር ግን ከልብ ስሙኝ። ለዓመታት በየቀኑ ብዙ ሲጠጣ የኖረ፣ ጠዋት ካልቀመሰ እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው «ከነገ ጀምሮ በቃ» ብሎ ቤቱ ቆልፎ በአንዴ ማቆም የለበትም። ዘመድም ክፍል ውስጥ ዘግቶ ሊያስተወው አይገባም። መጠጡ ከተቋረጠ በኋላ ባሉት ሁለት ቀናት ውስጥ እንደ ሚጥል በሽታ ያለ መንዘፍዘፍ ሊመጣ ይችላል። በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን አካባቢ ደግሞ መቃዠት፣ የሌለ ነገር ማየት፣ ትኩሳትና የልብ ምት መጨመር ሊከተል ይችላል፤ ካልታከመ ይገድላል። ሐኪም ባለበት ከሆነ ግን በመድኃኒት ቀስ እያለ የሚወጣበት የታወቀ መንገድ አለ። አዲስ አበባ ከሆናችሁ አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ይህን ሕክምና ይሰጣል፤ ክልል ላይ ከሆናችሁ በአቅራቢያችሁ ባለ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል ጀምሩ። እዚያ የሚጻፈው የሐኪም ወረቀት ደግሞ ከማንኛውም «ጨጓራ» የተሻለ እውነተኛ የሕመም ፈቃድ ነው።